ገዳይ ሕዋሳት ማንን እንደሚምሩ እንዴት ታወቀ? በአይጦች ላይ በሞኖክሎናል አንቲቦዲ የተካሄደው ጥናትና ለሳይንስ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

የሰውም ሆነ የሌሎች አጥቢ እንስሳት ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚጠብቅባቸው ልዩ ልዩ ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳሉት የታወቀ ነው። ከእነዚህም መካከል ተፈጥሮአዊ ገዳይ ሕዋሳት ተብለው የሚጠሩት፣ በቫይረስ የተያዙትንና ወደ ካንሰርነት የተለወጡትን የሰውነት ሕዋሳት ፈልገው ያጠፋሉ። ለዚህ ተግባራቸው ቀደም ያለ ልምድ ወይም ክትባት አያስፈልጋቸውም፤ «ተፈጥሮአዊ» የመባላቸውም ምክንያት ይኸው ነው። ዳሩ ግን እነዚህ ሕዋሳት በሰውነት ውስጥ ሲዘዋወሩ ከሚያገኟቸው ሕዋሳት መካከል እጅግ የሚበዙት ጤነኞች ናቸው። ታዲያ ጤነኛውን ሳይነኩ የተበላሸውን ብቻ ለይተው የሚመቱት በምን ምልክት ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ ከ1975 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ተገኝቷል። ጥናቱ በአብዛኛው የተካሄደው በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ሲሆን፣ ዋናው የምርምር መሣሪያም ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚባለው ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው እንዴት እንደተሠራ፣ ጥያቄው በምን ቅደም ተከተል እንደተመለሰ፣ እንዲሁም ከዚህ ታሪክ የሳይንስ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን ሊያተርፉ እንደሚችሉ ማብራራት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የገዳይ ሕዋሳት መገኘት

በ1975 በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሮልፍ ኪስሊንግ፣ ኤቫ ክላይንና ሃንስ ቪግዜል፣ በአሜሪካም ሮናልድ ኸርበርማንና የሥራ ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። ይኸውም ምንም ዓይነት ክትባት ካልተሰጣቸው አይጦች ጣፊያ የተወሰዱ ሕዋሳት የካንሰር ሕዋሳትን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ መቻላቸው ነው። ቀደም ሲል ይህ ዓይነቱ ግድያ በሙከራዎች ውስጥ ሲታይ ብዙዎች እንደ ሙከራ ጉድለት ይቆጥሩት ነበር። እነዚህ ተመራማሪዎች ግን ጉድለት ነው ተብሎ የታለፈውን ነገር ራሱን መርምረው አዲስ የሕዋስ ዓይነት መኖሩን አሳዩ።

ግድያው የሚለካበት ዘዴ ቀላል ነው። የሚገደሉት ሕዋሳት በቅድሚያ ክሮሚየም 51 የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር እንዲይዙ ይደረጋል። ሕዋሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ክሮሚየሙ በአብዛኛው በውስጡ ይቆያል፤ ሲሞት ግን ወደ ፈሳሹ ይፈስሳል። በፈሳሹ ውስጥ የተገኘው የክሮሚየም መጠን የተገደሉት ሕዋሳት ምን ያህል እንደሆኑ ያመለክታል።

ሆኖም አንድ ከባድ ችግር ነበር። ገዳይ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከሌሎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት በግልጽ አይለዩም። የሚታወቁት በሥራቸው እንጂ በመልካቸው አልነበረም። በጣፊያ ውስጥም ቁጥራቸው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ወደፊት ይራመድ ዘንድ ከሌሎች ሕዋሳት የሚለያቸው ምልክት መገኘት ነበረበት።

2. መሣሪያው፤ ከሰርገኛው ወደ አንድ ዘር

አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው፣ ሰውነት ከውጭ የገባበትን ባዕድ ነገር ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ አንቲቦዲ ከአንድ የተወሰነ ቅርጽ ጋር ብቻ ይገጥማል። ይሁንና አንድ እንስሳ በተከተበ ጊዜ በደሙ ውስጥ የሚገኘው የአንድ አንቲቦዲ ዓይነት ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነቶች ድብልቅ ነው። ነገሩ ቀዩና ነጩ እንደተቀላቀለበት ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ቅይጡ ይለያያል፣ ሲያልቅም በትክክል ያንኑ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በ1975 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስቴይን ለዚህ ችግር መፍትሔ አገኙ። አንቲቦዲ የሚያመርት የጣፊያ ሕዋስ ከሰውነት ውጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። የካንሰር ሕዋስ ግን ያለማቋረጥ ይራባል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከተከተበ አይጥ የተወሰደውን የጣፊያ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱ። ውሕዱ ሕዋስ ሃይብሪዶማ ይባላል። በቅሎ ከአህያ አባቷ ጽናትን፣ ከፈረስ እናቷ ቁመትን እንደምትወርስ ሁሉ፣ ሃይብሪዶማም ከአንደኛው ወላጅ አንቲቦዲ የማምረትን ችሎታ፣ ከሌላው ያለመሞትን ባሕርይ ይወርሳል። በቅሎ የማትወልድ ስትሆን ሃይብሪዶማ ግን ያለገደብ የሚራባ በመሆኑ ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ያገለግላል።

ከዚህ በኋላ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ተለይተው ይራባሉ። ከአንድ ሕዋስ የተገኘ ትውልድ ሁሉ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመርታል። ሞኖክሎናል የሚለውም ስያሜ ከአንድ ዘር ብቻ የተገኘ መሆኑን ያመለክታል። ኮለርና ሚልስቴይን ከኒልስ የርኔ ጋር በ1984 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

3. ለገዳይ ሕዋስ ምልክት ማውጣት

የቤተ ሙከራ አይጦች ወንድምና እኅት ከሃያ ትውልድ ላላነሰ ጊዜ እንዲዳቀሉ በማድረግ የተገኙ ንጹሕ ዝርያዎች ናቸው። የአንድ ዝርያ አይጦች በውርስ ባሕርያቸው እንደ መንታ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የአንዱ ዝርያ ሕዋስ ለሌላው ዝርያ ሲከተብ ግን ተከታቢው አይጥ እርሱ በሌለው ምልክት ላይ አንቲቦዲ ያመርታል። በ1977 በዚህ መንገድ ኤንኬ 1.1 የተባለ የገዳይ ሕዋስ ምልክት መኖሩ ታወቀ። በ1984 ደግሞ ፒኬ136 የተባለው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ለዚሁ ምልክት ተዘጋጀ።

የዚህ አንቲቦዲ ጥቅም በሦስት መንገድ ይገለጻል። አንደኛ፣ የሚያበራ ቀለም ሲያያዝበት የያዘውን ሕዋስ ያስለያል። በሌዘር ብርሃን ፊት ሕዋሳትን አንድ በአንድ የሚያሳልፈው መሣሪያ ቀለም የያዙትን ይቆጥራል፣ ከሌሎቹም ይለያል። ሁለተኛ፣ አንቲቦዲው በሕይወት ላለ አይጥ ሲወጋ ምልክቱን የያዙትን ሕዋሳት ያስወግዳል፤ ስለዚህ አይጡ ያለ ገዳይ ሕዋሳት ምን እንደሚደርስበት ለማየት ያስችላል። ሦስተኛ፣ ሌሎች አንቲቦዲዎች በተቀባዩ ላይ ተለጥፈው ተግባሩን ሊያግዱ ይችላሉ። መለየት፣ ማስወገድና ማገድ የተባሉት እነዚህ ሦስት ዘዴዎች ቀጥሎ ለሚገለጹት ግኝቶች ሁሉ መሠረት ሆነዋል።

4. «የወገን ምልክት መጥፋት» የተባለው ሐሳብ

በ1971 ጉስታቮ ኩድኮዊችና ማይክል ቤኔት አንድ እንቆቅልሽ ገልጸው ነበር። ሁለት ንጹሕ ዝርያዎች ተዳቅለው የተወለደው አይጥ የሁለቱንም ወላጆች ምልክቶች ስለሚይዝ የእናቱም ሆነ የአባቱ ሕዋስ ለእርሱ ባዕድ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን የወላጁ የአጥንት መቅኔ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ አይቀበለውም። በመቅኔው ላይ ለአይጡ እንግዳ የሆነ ምልክት ሳይኖር እንዴት ባዕድ ሊባል ቻለ?

በስዊድን ይሠራ የነበረው ክላስ ኬሬ ጥያቄውን ገልብጦ ተመለከተው። ጤነኛ ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል በገጻቸው ላይ የወገን መለያ የሆኑ ፕሮቲኖችን ይይዛሉ፤ በአይጥ እነዚህ ኤች-2 ይባላሉ። ኬሬ ያቀረበው ሐሳብ ገዳይ ሕዋስ የሚፈልገው የባዕድን ምልክት መኖር ሳይሆን የወገንን ምልክት መጥፋት ነው የሚል ነበር። ይህም የይለፍ ወረቀት የሚያሳየውን አሳልፎ ወረቀት የሌለውን ከሚይዝ ዘብ ጋር ይመሳሰላል። ብዙ ቫይረሶችና የካንሰር ሕዋሳት ከሌላው የመከላከያ ክፍል፣ ማለትም ከቲ ሕዋሳት ለማምለጥ የኤች-2 ፕሮቲኖችን እንደሚሰውሩ ሲታሰብ ሐሳቡ ትርጉም ያለው ይሆናል፤ ከአንዱ ዘብ ለማምለጥ ወረቀቱን የደበቀ በሌላው ዘብ እጅ ይወድቃል ማለት ነው።

ኬሬና ባልደረቦቹ በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ተመሳሳይ የካንሰር ሕዋሳትን አነጻጸሩ። የአንደኛው ኤች-2 የተሟላ ሲሆን የሁለተኛው እጅግ የጎደለ ነበር። ወደ አይጦች ሲገቡ ኤች-2 ያለው አደገ፤ የጎደለው ግን ተወገደ። ገዳይ ሕዋሳታቸው በተወገዱባቸው አይጦች ውስጥ ደግሞ የጎደለውም አደገ። በዚህም ሐሳቡ ተጠናከረ። ይሁን እንጂ ገዳዩ ሕዋስ የይለፍ ወረቀቱን የሚያነብበት ዓይን፣ ማለትም ተቀባዩ፣ ገና አልታወቀም ነበር።

5. የሚያግደው ተቀባይ

በ1992 ፍራንዝ ካርልሆፈር፣ ራንዳል ሪባውዶና ዌይን ዮኮያማ ያሳተሙት ጥናት ይህን ዓይን አሳየ። ሲ57 ብላክ 6 በተባለው የአይጥ ዝርያ ከገዳይ ሕዋሳት መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ ሊ49ኤ የሚባል ተቀባይ አላቸው። ተመራማሪዎቹ በሞኖክሎናል አንቲቦዲ ተጠቅመው ሊ49ኤ ያላቸውንና የሌላቸውን ሕዋሳት ለዩ። ቀጥሎ ያለውን የማስረጃ ሰንሰለት በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል።

ሀ) ሊ49ኤ የሌላቸው ሕዋሳት የገደሏቸውን አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት፣ ሊ49ኤ ያላቸው ሳይገድሉ ተዉ። የተተዉትም የተወሰነ የኤች-2 ዓይነት ያላቸው ነበሩ። ይህ ብቻውን የሁለት ነገሮችን አብሮ መገኘት እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም።

ለ) በቀላሉ ይገደል ለነበረ የካንሰር ሕዋስ ዲዲ የተባለው የኤች-2 ጂን ሲጨመርለት፣ ሊ49ኤ ያላቸው ገዳዮች ተዉት። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው በሁለቱ ሕዋሳት መካከል የነበረ ሌላ ልዩነት ሳይሆን ይህ አንድ ፕሮቲን ነው።

ሐ) ሊ49ኤን የሚሸፍን ወይም የዲዲን ውጫዊ ክፍል የሚሸፍን አንቲቦዲ በተጨመረ ጊዜ ግድያው ተመልሶ መጣ። በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት ከየትኛውም ወገን ሲታገድ ምሕረቱ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የተገኘው መደምደሚያ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። ተቀባዩ ግድያን የሚያስነሣ ሳይሆን የሚያግድ ነው። ከጊዜ በኋላ ሊ49ኤ ከዲዲ ጋር በተገናኘ ቁጥር በገዳዩ ሕዋስ ውስጥ የማቆሚያ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ መሆኑ ታወቀ፤ በ1999 ደግሞ ሁለቱ ፕሮቲኖች ተጋጥመው የሚታዩበት ቅርጽ በኤክስሬይ ጥናት ተገለጸ።

የ1971ም እንቆቅልሽ በዚህ ይፈታል። እያንዳንዱ ገዳይ ሕዋስ ከሊ49 ቤተሰብ ጥቂቶቹን ተቀባዮች ብቻ ይይዛል። በዲቃላው አይጥ ውስጥ ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የአባትን ምልክት ብቻ የሚያነቡ ናቸው። እነዚህ የእናት መቅኔ ሲቀርብላቸው የሚያውቁትን ምልክት ስለማያገኙ ይገድሉታል። የወገንን ምልክት የሚያነብ ምንም ተቀባይ የሌላቸው ገዳዮች የገዛ ሰውነታቸውን ለምን እንደማያጠቁ ደግሞ በ2005 የታተሙ ጥናቶች አብራርተዋል፤ እነዚህ ሕዋሳት ሙሉ የመግደል ኃይል አያገኙም።

6. የሚያነሣሣው ተቀባይ

ከዚሁ ከሊ49 ቤተሰብ የተለየ ተግባር ያለውም ተገኝቷል። ሲ57 ብላክ 6 አይጦች የአይጥ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የተባለውን ተሐዋሲ ይቋቋማሉ፤ ባልብ ሲ የተባሉት አይጦች ግን በጽኑ ይታመማሉ። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የውርስ ቦታ በ1990 በአይጥ ስድስተኛ ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ ተገለጸ። የሊ49 ጂኖችም የሚገኙት በዚሁ አካባቢ ነው።

በ2001 ሊ49ኤች የተባለውን ተቀባይ የሚያግድ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ለሲ57 ብላክ 6 አይጦች ሲሰጥ፣ ቫይረሱን ይቋቋሙ የነበሩት አይጦች ተጋላጮች ሆኑ። በ2002 ደግሞ ይህ ተቀባይ የሚያነበው ኤም157 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ በሊ49ኤ ላይ እገዳ ሲደረግ ግድያ ጨመረ፤ በሊ49ኤች ላይ እገዳ ሲደረግ መከላከያ ወደቀ። አንድ ዓይነት ዘዴ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ውጤት መስጠቱ አንዱ የማቆሚያ፣ ሌላው የማንቀሳቀሻ መሆኑን ያስረዳል።

7. የመሣሪያው ወሰን

ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ንጹሕ መሣሪያ ቢሆንም በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። ባልብ ሲ አይጦች በፒኬ136 ምንም አይቀለሙም፤ ነገር ግን ገዳይ ሕዋሳት አሏቸው። በእነርሱ ዘንድ የጎደለው አንቲቦዲው የሚያውቀው ቅርጽ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ፒኬ136 በሲ57 ብላክ 6 አይጦች የሚይዘው ገዳይ ሕዋሳትን ብቻ ሳይሆን ኤንኬ 1.1 ያላቸውን አንዳንድ ቲ ሕዋሳት ጭምር ነው። ስለዚህ በእርሱ ከተወገዱት ሕዋሳት የተገኘ ውጤት ሁሉ የገዳይ ሕዋሳት ነው ማለት አይቻልም። 5ኢ6 የተባለው አንቲቦዲ ደግሞ ሊ49ሲንና ሊ49አይን አይለይም፤ ሁለቱንም ይይዛል። ከዚህም ሌላ ገዳይ ሕዋሳት የአንቲቦዲን ጭራ የሚይዝ ተቀባይ ስላላቸው፣ በአንድ ሕዋስ ላይ የተለጠፈ አንቲቦዲ ራሱ ግድያን ሊጠራ ይችላል። በእገዳ ሙከራዎች ውስጥ ጭራው የተቆረጠ አንቲቦዲ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረገውም ሽግግር ቀጥተኛ አይደለም። በሰው ዘንድ ተመሳሳይ ተግባር የሚፈጽሙት ተቀባዮች በአብዛኛው ከሌላ የፕሮቲን ቤተሰብ የመጡ ናቸው፤ ጂኖቻቸውም በአሥራ ዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛሉ። የሥራው ሕግ አንድ ሲሆን መሣሪያዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው።

8. ለመማር ማስተማር ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ይህ ታሪክ ለክፍል ትምህርት የሚጠቅመው በስሞቹ ብዛት አይደለም። ተማሪው ሊ49ኤ የሚለውን ስም በቃሉ ቢይዝ ከሳይንስ ያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ከላይ በሀ፣ በለና በሐ የተዘረዘረውን የማስረጃ ሰንሰለት ከተረዳ ግን አብሮ መገኘትን ከምክንያት የመለየት ልማድ ይኖረዋል።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤትም ሐሳቡን ማስተማር ይቻላል። መምህሩ ሦስት ጓጉንቸሮችንና ቁልፎቻቸውን ወደ ክፍል ያመጣል። ጓጉንቸሩ ተቀባዩን፣ ቁልፉ የኤች-2ን ፕሮቲን ይወክላል። የቁልፉ ቀዳዳ በሰም ሲደፈን ቁልፉ አይገባም፤ ሰሙ አንቲቦዲውን ይወክላል። ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምታሉ፣ ግምታቸውንም ይጽፋሉ፣ ከውጤቱም ጋር ያስተያያሉ። በገበያ ከሚገኙት ርካሽ ጓጉንቸሮች መካከል በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ሁለት ቢገኙ የ5ኢ6ን ችግር ለማስረዳት ያገለግላሉ። ለፈተናም «አንድ ተቀባይ በአንቲቦዲ ሲታገድ ግድያው ጨመረ፤ ተቀባዩ የሚያግድ ነው ወይስ የሚያነሣሣ? እንዴት ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ከስም ዝርዝር ይልቅ የተማሪውን ግንዛቤ ይመዝናል።

ጉዳዩ ከአገራችን ኑሮ የራቀ መስሎ የሚታየው ካለ በጤና ኬላ የሚደረገውን ፈጣን የወባ ምርመራ ማስታወስ ይበቃል። በምርመራው ስትሪፕ ላይ መስመር የሚያወጣው የወባ ተሐዋሲን ፕሮቲን የሚይዝ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው። ብዙዎቹ የምርመራ ዓይነቶች ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ይፈልጋሉ። በ2021 የታተመ ጥናት ግን በኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ አካባቢዎች ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የወባ ተሐዋስያን መኖራቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ተሐዋሲ የያዘው ሕመምተኛ ይህን ፕሮቲን ብቻ በሚፈልግ ምርመራ ወባ የለበትም ሊባል ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚህ ምክንያት ከመቶ አምስት በላይ የሚሆኑ ሕሙማን የሚያመልጡበት አገር ሌላ ዓይነት ምርመራ እንዲጠቀም ይመክራል። ይህ በባልብ ሲ አይጥና በፒኬ136 የታየው ነገር ራሱ ነው። ልዩነቱ በአይጡ ጊዜ የተሳሳተው የቤተ ሙከራ መዝገብ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ግን የሚሳሳተው ትኩሳት ስላለበት ሕፃን የሚሰጠው ውሳኔ መሆኑ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው፣ ገዳይ ሕዋሳት የወገንን ምልክት መጥፋት እንደ ማስረጃ ይወስዳሉ፤ በሚያግዱና በሚያነሣሡ ተቀባዮች ሚዛንም ይወስናሉ። ይህን ለማወቅ የተቻለው አንድ ነገርን ብቻ የሚይዝ መሣሪያ በመገኘቱና ተመራማሪዎች በመሣሪያው የሚለዩ፣ የሚያስወግዱና የሚያግዱ ሙከራዎችን አንዱን በሌላው በማረጋገጥ ስለሠሩ ነው። ሕዋሱ የምልክትን መጥፋት እንደ ፍርድ ሊቀበለው ቢችልም፣ የሰው ልጅ ግን በምርመራ ላይ ያልታየውን ነገር የለም ብሎ ከመወሰኑ በፊት መሣሪያው ምን ማየት እንደሚችል መጠየቅ ይኖርበታል። ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለሥነ ሕይወት ትምህርት ይዘት ሲመርጡ ለስያሜዎች ከሚሰጡት ቦታ ላይ ቀንሰው እንዲህ ላለው የማስረጃ ልምምድ ቢሰጡ፣ መምህራንም በክፍል ውስጥ «ይህ እንዴት ታወቀ?» የሚለውን ጥያቄ ቢያዘወትሩ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት የጤና ባለሙያም ሆነ ገበሬ የምርመራን ውጤት በማስተዋል ሊመዝን ይችላል።